ከመንገዱ ማዶ ካለው ትምህርት ቤት ጋር፦ የተማሪዎች ልውውጥ ከሀ እስከ ፐ

ከቱሉ ዲምቱ ወደ ኮዬ ፈጬ በሚወስደው መንገድ ጠዋት ጠዋት ሁለት ዓይነት ዩኒፎርም ይተላለፋል። አንዱ ወደ ላይ ይወጣል፣ ሌላው ወደ ታች ይወርዳል። አንዱ ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ ትምህርት ቢሮ ሥር ሆኖ በአማርኛ ያስተምራል። ሌላው በኦሮሚያ ሥር፣ ሸገር ከተማ ውስጥ ሆኖ በአፋን ኦሮሞ ያስተምራል። ልጆቹ ከአንድ ሱቅ ብስኩት ይገዛሉ። በአንድ ባጃጅ ተጠጋግተው ይሄዳሉ። ስም ለስም ግን አይተዋወቁም።

እኔ እዚህ አካባቢ የዜግነት ትምህርት አስተምራለሁ። እኩልነት፣ መቻቻል፣ የአናሳዎች መብት እያልኩ ለዓመታት በጠመኔ ጽፌያለሁ። ተማሪዎቼ ትርጉሙን ሸምድደው ፈተና ላይ ቁልጭ አድርገው ይመልሱታል። ማዶ ያሉትን ልጆች ግን "እነዛ" ነው የሚሏቸው። ማዶ ያሉትም እኛን እንዲሁ። የልውውጥ ፕሮጀክቱን የጀመርነው በዚህ ምክንያት ነው። ሠርተን ያየነውን፣ ከሽፎብንም ያስተካከልነውን እዚህ በቅደም ተከተል አስቀምጣለሁ። ክበብ ለምትመሩ መምህራን፣ ለርዕሳነ መምህራንና ለወተመህ (የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት) አባላት ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

መጀመሪያ የከሸፈው

በመጀመሪያው ዓመት ያደረግነው እንዲህ ነበር። ከየክፍሉ ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ የወጡትን መረጥን። ድንኳን ተከልን። ኃላፊዎችን ጋበዝን። ንግግሩ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተጀምሮ 5 ሰዓት ተኩል ላይ አለቀ። ከዚያ ሚኒ ሚዲያዎቹ ድራማ አሳዩ፣ ምሳ ተበላ፣ ፎቶ ተነሳን፣ ሃይገሩ ሄደ። ሰኞ ዕለት አንዷን ተማሪዬን "ከማን ጋር ተዋወቅሽ?" አልኳት። ትንሽ አሰበችና "ከማንም፤ ግን ለስላሳ ሰጥተውናል" አለችኝ። ያቺ መልስ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልጠፋችም።

ገንዘብም ጊዜም አልጎደለንም ነበር። ሁሉን ነገር እኛ ትልልቆቹ ወስነን ከጨረስን በኋላ ልጆቹን ለመቀመጥ ብቻ ጠራናቸው። ልጅ ደግሞ የሚማረው ከሚያየው ነው። ማን እንደተመረጠ፣ ማን እንደተናገረ፣ ማን እንደወሰነ አይቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ያን ቀን ያየው ትልቅ ሰው ሲናገር ልጅ ሲያጨበጭብ ነው።

ሌላም ነገር አለ። እንግዳ ሲመጣብን እንሽቀዳደማለን። ወንበሩም ቅድሚያውም ለእንግዳ ነው። ደግ ባህል ነው፣ ተማሪዎቼም እንዲይዙት እፈልጋለሁ። ለልውውጥ ግን እንቅፋት ይሆናል። እንግዳ አይከራከርም፣ የቀረበለትን አመስግኖ ይበላል። ባለቤቱ ደግሞ ሲያስተናግድ ይውልና ሳያወራ ይመሻል። እኩል ሆነው የሚነጋገሩ ልጆች ከፈለጋችሁ እንግድነቱን ቀድማችሁ አፍርሱት። ግማሹን ሥራ ለመጡት ስጡ። ወንበር አብረው ያውጡ፣ አብረው ይጥረጉ።

እ.ኤ.አ. በ1954 አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ምሁር ጎርደን ኦልፖርት የተለያዩ ወገኖች መገናኘታቸው ብቻውን ጥላቻን እንደማይቀንስ ጽፎ ነበር። አራት ነገር ሲሟላ ነው የሚሠራው፤ በግንኙነቱ ውስጥ እኩል ደረጃ ሲኖራቸው፣ የጋራ ግብ ሲይዙ፣ ለዚያ ግብ ተባብረው ሲሠሩ፣ ኃላፊዎቹም ከልብ ሲደግፉት። አሁን ዕቅድ ስጽፍ እነዚህን አራቱን ወረቀቱ ጫፍ ላይ አሰፍርና አንድ በአንድ አመሳክራለሁ። የዚያ ዓመት ድንኳናችን ያሟላው አራተኛውን ብቻ ነበር።

አጋሩን ምረጡ

ቅርብ ይሁን፣ የተለየ ይሁን።

ቅርብ ስል በእግር የሚደረስ ማለቴ ነው። ሐዋሳ ወይም ባሕር ዳር ድረስ መሄድ ያጓጓል። ግን አንዴ ተሄዶ ይቀራል። ልጆቹ ያለ እኛ፣ ያለ ደብዳቤ፣ ያለ አውቶቡስ ዳግም የሚገናኙበት ቦታ መሆን አለበት። ግማሽ ሰዓት የእግር መንገድ ውስጥ ፈልጉ።

የተለየ ስል ደግሞ ልጆቹ በየቀኑ የሚያዩት ልዩነት ይሁን። በእኛ ሰፈር ጎልቶ የሚታየው ቋንቋ ነው። ሌላ ቦታ የመንግሥትና የግል ትምህርት ቤት ልዩነት ይሆናል። ከመሃል ከተማ ተነስተው ኮንዶሚኒየም የገቡ ልጆችና ነባር የገበሬ ልጆች ያሉበትም አለ። አንድ ግቢ ውስጥ ሆነው የማይተያዩም አሉ፤ የቀንና የማታ ተማሪዎች። ማታ ከሚማሩት ብዙዎቹ ሰው ቤት ተቀጥረው የሚሠሩ ልጃገረዶች ናቸው። የቀኑ ልጅ ማታ የእሱ ወንበር ላይ ማን እንደሚቀመጥ አያውቅም። እዚያ ልውውጥ ለማድረግ መንገድ መሻገር እንኳ አያስፈልግም።

አጋሩን ካገኛችሁ በኋላ ደብዳቤ ለመጻፍ አትቸኩሉ። መጀመሪያ እዚያ ካለ አንድ መምህር ጋር ቡና ጠጡ። ዕቅዱን ጨርሳችሁ "ተሳተፉልን" ብላችሁም አትሂዱ። ይህን ያስተማረኝ የማዶው መምህር ነው። በሁለተኛው ዓመት ያዘጋጀሁትን ዕቅድ አንብቦ ሲጨርስ "ጥሩ ነው፤ እኛ የቱ ጋ ነን?" አለኝ። ወረቀቱን አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ባዶ ገጽ አውጥተን ከቀኑና ከቦታው ጀመርን።

ወረቀቱና የጊዜ ሰሌዳው

ሁለቱ ትምህርት ቤቶች በተለያየ አስተዳደር ሥር ከሆኑ የፈቃድ መስመሩም ሁለት ነው። በአዲስ አበባ በኩል ከርዕሰ መምህሩ ወደ ወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ይሄዳል። በማዶ በኩልም እንዲሁ ወደሚመለከተው ጽሕፈት ቤት። ደብዳቤው በሁለቱም ቋንቋ ይጻፍ። ማህተም ይኑረው። አንድ ገጽ ዕቅድም ይያያዝበት፤ ቀኑ፣ ቦታው፣ የተማሪው ቁጥር፣ ኃላፊነት የሚወስዱት መምህራን፣ ወጪውን ማን እንደሚችል። "ለልምድ ልውውጥ" ብላችሁ ብቻ አትተዉት። ያልተብራራ ነገር ጠረጴዛ ላይ ይከርማል።

ርዕሰ መምህሩ "ይህ ለልጆቹ ምን ይጨምርላቸዋል?" ብለው ሊጠይቁ ይችላሉ። ተገቢ ጥያቄ ነው። እኔ ያነሳሁላቸው ፈረንሳይንና ጀርመንን ነው። በ70 ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ የተዋጉ አገሮች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1963 የወዳጅነት ውል ተፈራረሙ፤ በዚያው ዓመት የሁለቱን አገር ወጣቶች የሚያገናኝ አንድ የጋራ መሥሪያ ቤት አቋቋሙ። ዛሬም ይሠራል። በጀቱንም ሁለቱ መንግሥታት እኩል ያዋጣሉ። ወጪን ግማሽ በግማሽ መካፈልን ከእነሱ ነው የወሰድነው። አንዱ ትምህርት ቤት ብር ባይኖረው በአዳራሽ፣ በወንበር ወይም በምግብ ዝግጅት ያዋጣ። አንዱ ሰጪ ሌላው ተቀባይ ሆኖ እንዳይቀር ብቻ ተጠንቀቁ።

የ6ኛና የ8ኛ ክፍል ተማሪዎችን አትንኩ። ፈተና አለባቸው፣ ወላጅም አይፈቅድም። 5ኛ እና 7ኛ ክፍል ይመቻል። ደብዳቤው ጥቅምት ላይ ይሂድ፣ ኅዳርን ለዝግጅት ያዙት። የመጀመሪያው ግንኙነት ታኅሣሥ ላይ፣ የሴሚስተሩ ፈተና ሳይደርስ ይሁን። ሁለተኛው የካቲት፣ ሦስተኛው ሚያዝያ። ከሦስት ጊዜ በታች ከሆነ ባትጀምሩት ይሻላል። የመጀመሪያው ቀን መተፋፈር ነው፣ ሥራ የሚጀመረው በሁለተኛው ነው።

ቀኑ ቅዳሜ ጠዋት ይሁን። ዓርብ ጁምዓ አለ፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን። ቅዳሜን የሚያከብሩ ልጆች ካሉ ደግሞ ሌላ ቀን ፈልጉ። ማን እንዳለ ሳትጠይቁ ቀን አትቁረጡ።

ማን ይሂድ?

ከዚህ መመሪያ አንድ ክፍል ብቻ ለማንበብ ጊዜ ያላችሁ ይህችን አንብቡልኝ።

ሁሌ የሚመረጡ ልጆች አሉ። እንግዳ ሲመጣ አበባ የሚሰጡት እነሱ፣ ግጥም የሚያነቡት እነሱ፣ የክፍል አለቆቹም እነሱ ናቸው። ሌላው ያጨበጭባል። 1ኛ ክፍል ገብቶ 8ኛን እስኪጨርስ ስሙ አንድ ቀን በማይክራፎን ሳይጠራ የሚወጣ ልጅ አለ። የደረጃ ተማሪ ብቻ ከወሰዳችሁ ልውውጡ ሽልማት ይሆናል። ሽልማት ደግሞ ለጥቂቶች ነው።

ስለዚህ ዕጣ አውጡ። ከእያንዳንዱ ትምህርት ቤት 20 ተማሪ ይበቃል። መሳተፍ የሚፈልግ ሁሉ ስሙን ጽፎ ይስጥ። ሁለት ባልዲ አዘጋጁ፣ አንዱ የሴቶች አንዱ የወንዶች። ከየባልዲው 8 ስም ይወጣል። ቀሪዎቹ 4 ቦታዎች ዕጣው ሊያልፋቸው ለሚችል ልጆች ይያዙ፤ ለአካል ጉዳተኛ ተማሪዎችና በዓመቱ አዲስ ለገቡ። ፈላጊው ከበዛ በእነሱም መሐል ዕጣ ይውጣ። ደንቡን ከዕጣው በፊት ለሁሉም ተናገሩ። ጠዋት ሰልፍ ላይ፣ ባንዲራ ከተሰቀለ በኋላ፣ ተማሪው ሁሉ እያየ ይውጣ። ወረቀቱን የምታነሳው የ1ኛ ክፍል ልጅ ትሁን።

በሁለተኛው ዓመት እንዲህ ስናደርግ የአንዲት የ7ኛ ክፍል ልጅ ስም ወጣ። ክፍል የደገመች ልጅ ናት። ስሟ ሲጠራ አልወጣችም። ሌላ ሞክሼ መስሏት ቆመች። የአባቷ ስም ተጨምሮ ሲጠራ ጓደኞቿ ገፋ ገፋ አደረጓት። ነጠላ ጫማ አድርጋ ነበር። መድረኩ ጋ ስትደርስ አንዱን እግሯን ከሌላው ኋላ ደበቀችው። አንድ ባልደረባዬ ጠጋ ብሎ "ይቺማ ታሰድበናለች፤ ለምን አንቀይራትም?" አለኝ። ክፋት አልነበረበትም፤ ለትምህርት ቤቱ ስም አስቦ ነው። ግን አንድ ስም ከቀየራችሁ ዕጣው ውሸት ይሆናል፣ ያን ደግሞ አንድ ሺህ ልጅ ቆሞ አይቷል። አልቀየርንም። ወደዚህች ልጅ በኋላ እመለሳለሁ።

አካል ጉዳተኛ ተማሪ ሲኖር ከሳምንት በፊት እሱን ራሱን ይዛችሁ ቦታውን እዩ። ክራንች የሚይዝ ልጃችን መጸዳጃ ቤቱ በር ላይ ያለችውን ደፍ አሳየን። እኛ አሥር ጊዜ አልፈንባት አላየናትም ነበር። ማየት የተሳነው ተማሪ ካለ ሰሌዳ ላይ የሚጻፈው ሁሉ በድምፅ ይነበብ። መስማት የተሳናት ተማሪ ካለች የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ቀድማችሁ ያዙ። ካላገኛችሁ ቀኑን ግፉት እንጂ እሷን አታስቀሯት።

ወላጆች

የፈቃድ ቅጹን ልጁ ይዞ ሄዶ አስፈርሞ ይምጣ ብላችሁ አትተዉት። ማንበብ የማይችሉ ወላጆች አሉ። በወተመህ ስብሰባ ላይ ጮክ ተብሎ ይነበብ። የሚነሳው ጥያቄ አስቀድሞ ይታወቃል፤ ማን ይጠብቃቸዋል? ምን ይበላሉ? ፖለቲካ አለበት ወይ? ለመጨረሻው ስትመልሱ አትድበስብሱ። ፓርቲ የለም፣ መፈክር የለም፤ ልጆች አብረው መወሰንን ይለማመዳሉ በሉ። እኔ እድርን ነው የምጠቅሰው። ሰብሳቢ፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥ ይመረጣል፣ መተዳደሪያ ደንብ አለ፣ ሂሳብ ይቀርባል። ይህን ስል ወላጆቹ ወዲያው ይገባቸዋል። ፎቶ ለማንሳትም ለብቻው ፈቃድ ጠይቁ።

ከመገናኘታቸው በፊት

ልጆቹ ፊት ለፊት ከመተያየታቸው በፊት ደብዳቤ ይለዋወጡ። እያንዳንዱ በሚማርበት ቋንቋ ይጻፍ። ተቀባዩ ማንበብ ካልቻለ አንባቢ ይፈልጋል። ያ ፍለጋ ራሱ ሥራ ነው። የኔ ተማሪዎች ቁቤ የሚያነብ ሰው ሲፈልጉ ለካ አብራቸው የምትቀመጥ ልጅ ቤቷ ውስጥ አፋን ኦሮሞ ትናገራለች። ሦስት ዓመት አብረው ተምረው አያውቁም ነበር። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 5 ላይ ሁሉም የኢትዮጵያ ቋንቋዎች እኩል የመንግሥት እውቅና እንዳላቸው ይላል። ልጅቷ ግን ያን ዕለት ነው ቋንቋዋን ክፍል ውስጥ ጮክ ብላ የተናገረችው።

ጥቂት ቃላት ሁሉም ይልመድ። "አካም ጅርታ?" (እንዴት ነህ?) "መቃን ኬ ኤኙ?" (ስምህ ማን ነው?) "ገለቶሚ" (አመሰግናለሁ)። ማዶም ያሉት የአማርኛውን። አነጋገራቸው ባያምርም ግድ የለም።

የንግግር ደንብም ልጆቹ ራሳቸው ያውጡ። መምህሩ ጠመኔውን ይስጥ እንጂ አይጻፍ። በሁለቱም ትምህርት ቤት ለየብቻ ይወጣና በመጀመሪያው ቀን ይዋሃዳል። የእኛዎቹ ካወጡት ውስጥ የምወደው "የሰው ስም አጣርተን እንጠራለን" የሚለው ነው።

የመጨረሻው የቤት ሥራ አዋቂዎችን መጠየቅ ነው። አምስት ርዕስ ስጡ፤ የሰፈሩ ስም ምን ማለት ነው? ውሃ ድሮ ከየት ይቀዳ ነበር? መንገዱ ከመሠራቱ በፊት ሰው በየት ይሄድ ነበር? ገበያው የት ነበር? ሰዎች ሲጣሉ ማን ያስታርቃል፣ እንዴት ይወሰናል? ለእያንዳንዱ ርዕስ ከየትምህርት ቤቱ 4 ልጅ ይመደብ።

የመጀመሪያው ቀን

በር ላይ እያንዳንዱ ልጅ ከ1 እስከ 8 ያለ ቁጥር ያንሳ። ጠረጴዛው በቁጥር ነው። ሁለቱ ዩኒፎርሞች ተደበላልቀው ይቀመጣሉ፣ በየጠረጴዛው አምስት ሆነው። ከአንድ ትምህርት ቤት ሦስት፣ ከሌላው ሁለት እንዲደርስ ቁጥሩን ለየብቻ አዘጋጁ። የትልቅ ሰው ንግግር ከ5 ደቂቃ አይለፍ። ሰዓት የሚይዘው ተማሪ ይሁን፣ ደወልም ስጡት።

መተፋፈሩን ለመስበር እኛን የጠቀመን እንቆቅልሽ ነው። የእኛዎቹ "እንቆቅልህ" "ምን አውቅልህ" ይባባላሉ። ማዶ "ሂቦ" ይሉታል። መልሱ ሲጠፋ የእኛው ጠያቂ "አገር ስጠኝ" ይላል። የማዶውም "ቢያ ኬኒ" ይላል፤ ያው አገር ስጥ ማለት ነው። አንዱ ልጅ ይህን ሲተረጉምላቸው ጠረጴዛው በሳቅ ፈረሰ። "እናንተም አገር ትጠይቃላችሁ?" ትላለች አንዷ። ከዚያ በኋላ ዝም በሉ ማለት ነበር የከበደን።

ዋናው ሥራ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 በአሜሪካ፣ ቴክሳስ፣ ኦስቲን ከተማ የነጭና የጥቁር፣ ከሜክሲኮ የመጡ ቤተሰቦችም ልጆች ገና አንድ ክፍል መግባታቸው ነበር። ጠብ በዛ። ኤሊዮት አሮንሰን የተባለ የሥነ ልቦና መምህር ከተማሪዎቹ ጋር ሆኖ አንድ ዘዴ አወጣ። ትምህርቱን እንደ ተቆራረጠ ሥዕል ከፋፍሎ ለእያንዳንዱ ልጅ አንዳንድ ቁራጭ ሰጠ። የሌላውን ቁራጭ ሳይሰማ ማንም ሥዕሉን መሙላት አይችልም። የሚናቀውን ልጅ የግድ ማዳመጥ ሊኖር ነው።

እኛ ያን ዘዴ ለሰፈራችን ተጠቀምንበት። 40 ልጅ፣ 5 ርዕስ፣ 8 ጠረጴዛ። መጀመሪያ አንድ ርዕስ የያዙ 8 ልጆች፣ 4 ከዚህ 4 ከዚያ፣ ተሰብስበው የጠየቁትን ያመሳክራሉ። ለዚህ 40 ደቂቃ ስጡ። ከዚያ ወደየጠረጴዛቸው ተመልሰው ለአራቱ ያስረዳሉ። በመጨረሻ ጠረጴዛው ሁሉ የሰፈሩን ካርታ ይሥላል። የተወለዱበትን ሰፈር ሲጠሩ የኖሩ ልጆች ቱሉ ዲምቱ ማለት ቀይ ኮረብታ ማለት እንደሆነ ያን ቀን ሰሙ። ለገዳዲ የጠጅ ወንዝ ነው ሲባሉ አላመኑም። የእርቁን ርዕስ የያዙት ደግሞ የእድር ሰብሳቢ ስንት ዓመት እንደሚቆይ ከገዳ ጋር አነጻጸሩ። በገዳ ሥልጣን በየ8 ዓመቱ ይተላለፋል፤ ሥርዓቱንም ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2016 በማይዳሰስ ቅርስነት መዝግቦታል። "የእኛ እድር ሰብሳቢ እኔ ሳልወለድ ጀምሮ አሉ" አለ አንዱ፣ በጣም ኮስተር ብሎ።

ሁለት ቋንቋ የሚናገሩትን ልጆች በየጠረጴዛው አዳርሷቸው፤ የቀኑ ድልድይ እነሱ ናቸው። ግን ይደክማሉ። በየግማሽ ሰዓቱ አሳርፏቸው። ለራሳቸውም ሐሳብ ጊዜ ስጧቸው፣ አለበለዚያ የሰው ቃል ሲያመላልሱ ውለው ሳይናገሩ ይሄዳሉ።

ምሳው የጾም ይሁን። ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን፣ ሙዝ። ሥጋ ከሌለ የማን ቢላ፣ የማን ባራኪ የሚል ጥያቄ የለም። ሁሉም ከአንድ ትሪ ይበላል።

ልጆቹ ሲወስኑ

"ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም" እንላለን። ይህን ተረት እያመንን ልጆችን ዴሞክራሲ ማስተማር አይቻልም። የሕፃናት መብቶች ስምምነት፣ እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣው፣ ልጅ በሚመለከተው ጉዳይ ሐሳቡን የመግለጽና የመደመጥ መብት እንዳለው ይላል። የአፍሪካው የሕፃናት መብቶችና ደህንነት ቻርተርም እንዲሁ፤ እሱ የጸደቀው እ.ኤ.አ. በ1990 እዚሁ አዲስ አበባ ነው።

በሁለተኛው ግንኙነት የጋራ ሥራ ይመረጣል። ከዚያ በፊት ርዕሳነ መምህራኑ አንድ ገጽ ይፈርሙ፤ ገንዘቡ ይህን ያህል ነው፣ ሥራው በሁለቱ ግቢዎች ውስጥ ነው፣ ከዚህ ወሰን ያልወጣ ውሳኔ አይሻርም። ወሰኑን ቀድማችሁ ተናገሩ። ልጆቹ ከመረጡ በኋላ "አይ፣ ይህ አይሆንም" ከተባለ በሕይወታቸው ሁሉ የሚያስታውሱት ያን ነው።

ሐሳብ ይሰብሰብ፣ ወደ ሦስት ይጥበብ፣ በየጠረጴዛው ክርክር ይደረግ። ድምፁ በሚስጥር ይሁን፣ በወረቀትና በሣጥን። እጅ ካወጣችሁ ሁሉም የጉልበተኛውን እጅ ያያል። በእኛ የመጀመሪያ ዙር ለሁለቱም ሜዳ የጎል መረብና ኳስ 18 ድምፅ አገኘ፣ የሴቶች መጸዳጃ ቤት በርና ውሃ 13፣ የንባብ መደርደሪያ 9። ከግማሽ በላይ ያገኘ ስለሌለ ሁለቱ መሪዎች እንደገና እንዲወዳደሩ ሆነ። በመሃል 15 ደቂቃ ክርክር አለ። እዚያ ላይ ነጠላ ጫማዋ ልጅ እጇን አወጣች። ቆማ ጠረጴዛውን እያየች "እኔ ትምህርት ቤት ስመጣ ጠዋት ውሃ አልጠጣም" አለች። ሌላ አልጨመረችም። ትንሽ ቆይቶ ከማዶ የመጣች አንዲት ልጅ በአፋን ኦሮሞ የሆነ ነገር አለች። አስተርጓሚው ልጅ ፊቱ ቀላ። "እሷም አትጠጣም" አለ። ወንዶቹ ዝም አሉ። ሁለተኛው ዙር 23 ለ17 ሆነ፣ በሩና ውሃው አለፈ።

ድምፅ ተቆጥሮ ሲያልቅ አትበተኑ። ሥራው ገና ግማሽ ነው። የተሸነፉትን "በዚህ ውሳኔ ውስጥ እናንተ የምትፈልጉት ምን ይግባ?" ብላችሁ ጠይቁ። የእኛዎቹ 17ቱ ከሥራው በኋላ በተደባለቀ ቡድን ግጥሚያ ይደረግ አሉ። ተስማሙ። ሚያዝያ ላይ መዝጊያውን ሲያስገጥሙ፣ ጀሪካኑን ሲደረድሩ ከማንም በላይ የሠሩት እነሱ ናቸው።

ገንዘብ ያዥ ሁለት ይሁኑ፣ ከየትምህርት ቤቱ አንዳንድ። ደረሰኙና ሂሳቡ በሁለቱም ግቢ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ።

ሲጋጩ

ይጋጫሉ። በሁለተኛው ቀን አንድ ልጅ የሌላውን አማርኛ እየኮረጀ አሳቀ። የተኮረጀበት ልጅ ወንበሩን ገፍቶ ወጣ። አይታችሁ እንዳላያችሁ አትሁኑ። ዱላም አይነሳ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ልጅ በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳለው በግልጽ ይናገራል። እኛ ሥራውን አቆምን፣ የወጣውን ልጅ መምህሩ ሄዶ አናገረው፣ ሊመለስ እንደሚፈልግም ጠየቀው። ሲመለስ ከየትምህርት ቤቱ ሁለት ሁለት ሽማግሌ ልጆቹ መረጡ። ሽማግሌዎቹ የዳኙት ልጆቹ ራሳቸው ባወጡት ደንብ ነው፤ ያሳቀው ልጅ በቀጣዩ ግንኙነት አምስት ዓረፍተ ነገር በአፋን ኦሮሞ ተምሮ ጠረጴዛው ፊት እንዲናገር ወሰኑ። ሲናገር ተሰናከለ። ያ የተበደለው ልጅ ሦስተኛውን ዓረፍተ ነገር በሹክሹክታ አቀበለው።

ምን ተለወጠ ብላችሁ ስትለኩ

ትልቅ መጠይቅ አያስፈልግም። ከመጀመሪያው ቀን በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁ፤ ማዶ ካለው ትምህርት ቤት የስንት ልጅ ስም ታውቃለህ? ሰኔ ላይ ያንኑ ድገሙት። በየግንኙነቱ ደግሞ አንድ ተማሪ ጥግ ተቀምጦ ማን ስንት ጊዜ እንደተናገረ ነጥብ ያስቀምጥ፤ ሴት ወንድ፣ ከዚህ ከዚያ። በመጀመሪያው ቀን የእኛ ወረቀት ላይ ነጥቡ ሁሉ ወደ ወንዶቹና ወደ እኛ ትምህርት ቤት አጋድሎ ነበር። ወረቀቱን ለልጆቹ አሳየናቸው፣ ሌላ አልተናገርንም። በሁለተኛው ቀን ራሳቸው "እሷ አልተናገረችም፣ ቆይ" መባባል ጀመሩ።

ትምህርት ቤት ሳይዘጋ ሁሉንም አንድ ፎልደር ውስጥ አስገቡ፤ የደብዳቤዎቹን ቅጂ፣ የልጆቹን ደንብ፣ የድምፅ ቆጠራውን፣ ሂሳቡን። መምህር ይዛወራል፣ ፎልደሩ ግን ቢሮ ይቀራል። የሚቀጥለውን ዓመት የመጀመሪያ ቀጠሮ ከማዶው መምህር ጋር ሰኔ ላይ ቁረጡ። ሁለቱን ባልዲዎች ደግሞ ክበቡ ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፉባቸው፤ ክረምት ላይ ለጽዳት ይወሰዱና ጥቅምት ላይ ፍለጋ ትገባላችሁ።